ለትንሽ ቤት የሚሆን የገና ምግብም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ደብዳቤዬ ትንሽ ዘግይቷል። በዓሉ አልፎ፣ ቄጤማው ተጠርጎ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ደብረ ማርቆስ የምኖር፣ ስድሳን የተሻገርኩ ሴት ነኝ። ጋዜጣችሁ ሁልጊዜ አይደርሰኝም። ሲደርሰኝ ግን ከፊት እስከ ኋላ አነበዋለሁ። የገና ሰሞኑን እትም የልጅ ልጄ ይዛልኝ መጣች። የበዓል ገጹ ላይ የዶሮ ወጥ አሠራር አለ። ደህና አድርጎ ነው የተጻፈው፤ የጻፈው ሰው ወጥ ቤት ገብቶ ያውቃል። ሽንኩርቱ 3 ኪሎ፣ እንቁላሉ 12፣ ብልቱም 12። መጨረሻ ላይ «ለ12 ሰው ይበቃል» ይላል። ጋዜጣውን አጥፌ ዝም ብዬ ቆየሁ። እኛ ቤት ያለነው ሦስት ነን።

ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጆቼ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ባሕር ዳር ናቸው። ካቻምናም፣ አምናም፣ ዘንድሮም መንገዱ ስላልተመቸ አልመጡም። የቀረነው እኔ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዋ የልጅ ልጄና ታናሽ ወንድሜ ነን። እንዲህ ያለው ቤት ዛሬ በእኛ ከተማ ብዙ ነው። አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አስተማሪ አለ፤ አዲስ የተጋቡ አሉ፤ ብቻቸውን የቀሩ አዛውንት አሉ። ለእነሱ ተብሎ የተጻፈ የበዓል ምግብ ስፈልግ አጣሁ። ብዕር ያስነሣኝ ይኸው ነው።

የማውቀውን ልንገራችሁ። ባሕር ዳር ከተማ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። የፈረንጆች ገና በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ነው የሚውለው። የጣናን ገዳማትና ጢስ ዓባይን ሊያዩ የመጡ እንግዶች በዚያ ቀን ሮስቶ ይፈልጋሉ። በአገራቸው ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ፣ አለዚያም አንድ ሙዳ የበሬ ሥጋ ሳይቆራርጡ ኦቭን ይከቱታል። ድንችና ካሮት አብሮት ይጠበሳል። ከሥጋው የወጣውን መረቅ በትንሽ ዱቄት አወፍረው ላዩ ላይ ያፈሱታል። አለቀ። ቀን ሙሉ የሚማስል ነገር የለበትም። ሥጋው ኦቭን ውስጥ እያለ ሴትዮዋ ልጆቿን ታጥባለች፣ ልብሷን ትቀይራለች። እኔን የገረመኝ እሱ ነበር።

ያን ሁሉ ዓመት ሮስቶ ስሠራ ግን አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ታኅሣሥ 16 ጾም ነው። ስለዚህ ጨውን በማንኪያ ለክቼ፣ ሽታውን አሽትቼ፣ የድንቹን ድምፅ ሰምቼ ነበር የማወጣው። የደረሰ ድንች በማንኪያ ሲነኩት ኮሽ ይላል። ያልደረሰ ድምፅ የለውም። ሳይቀምሱ ማብሰልን ያስተማረኝ ያ ወጥ ቤት ነው። ኋላ በቤቴ እንደሚጠቅመኝ አላወቅሁም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ዘመኑ ዮሐንስ ስለነበር ገና ታኅሣሥ 28 ዋለ። ልጄ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቭን ልካልኝ ነበር። ከቅዳሴ መልስ የበግ ታፋ ከተትኩበት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሥጋው ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ደም ነው። ብንጠብቅ ብንጠብቅ መብራቱ አልመጣም። ወንድሜ «ቆራርጠን ጥብስ እናድርገው እንጂ» አለኝ። እኔ ግን ጥግ ላይ የተደፋችውን የእናቴን ብረት ድስት አየሁ።

ድፎ ዳቦ በምንድን ነው የሚጋገረው? ከታች እሳት፣ ከላይ እሳት። እናቴ ቢቸና ሳለን ሊጡን በኮባ ጠቅልላ፣ ምጣድ ላይ አድርጋ፣ በሌላ ምጣድ ከድና፣ ከላዩ ፍም ትቆልልበት ነበር። ኦቭንም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። ሙቀቱ ከሥርም ከላይም ይመጣል፤ ሥጋው መሀል ላይ ይቀመጣል። 19 ዓመት የሰው ኦቭን ስከፍትና ስዘጋ ይኼ አልታየኝም ነበር። ታፋውን አውጥቼ ብረት ድስቱ ውስጥ አጋደምኩት። ክዳኑ ላይ ፍም ደረደርኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቼ ስከፍተው ላዩ ቀልቷል፤ ስቡ ቅቤ ይመስላል። ሮስቶ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ነው የቀመስኩት።

ከዚያ ወዲህ በየገናው እንዲሁ ነው የምሠራው። አሠራሩን እጽፋለሁ፤ ቦታ ካላችሁ አውጡልኝ።

ዘንድሮ ገና ረቡዕ ዋለ። ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላበታል፤ ዋዜማው ግን ገሃድ ነው፣ ይጾማል። ማክሰኞ ከሰዓት ከጎረቤት ጋር አንድ በግ ለሁለት አረድን። አንዱን ታፋ፣ ከነአጥንቱ 2 ኪሎ የሚሆነውን፣ ለይቼ አስቀመጥኩ። በቢላ ጫፍ ስምንት ቦታ ወጋ ወጋ አደረግሁት። በየቀዳዳው ስንጥቅ ነጭ ሽንኩርትና ሁለት ሦስት የጥብስ ቅጠል ጎሰጎስኩ። አንድ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ከቁንዶ በርበሬና ከትንሽ ኮረሪማ ጋር ወቅጬ፣ በግማሽ ሎሚ አርሼ፣ አንድ ማንኪያ አዋዜ ጨምሬ ሥጋውን አሸሁት። በርበሬዬ የቡሬ ነው። አዋዜው ከአንድ ማንኪያ አይበልጥ፤ ከበዛ እሳት ላይ ያርና ይመራል።

ጨው ላይ ቆም ልበል። በዋዜማው መቅመስ ስለማይቻል ብዙ ሴት ጨው ትፈራለች። ወይ ታሳንሳለች ወይ ታበዛለች። የእኔ ልክ ለ1 ኪሎ ሥጋ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ነው፤ ማንኪያው ያልተቆለለ ይሁን። ለ2 ኪሎ 3 ማንኪያ። ጨው ከዋዜማው ካልገባ ጠዋት ላዩ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ውስጡ አልጫ ይሆናል። ሌሊቱን ካደረ ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የመንቆረርን፣ የዛሬዋን ደብረ ማርቆስ፣ የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ሰው ማቀዝቀዣ አይጠይቅም። ድመት እንዳይደርስበት ከድኜ ጓዳ አሳደርኩት።

ከቅዱስ ማርቆስ ቅዳሴ ስንመለስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል። ከሰሉን ደጅ አቀጣጠልኩ። ከሰሉ እስኪቀላ ድስቱን አሰናዳሁ። ሥሩ ላይ የታጠበ የኮባ ቅጠል አነጠፍኩ። በላዩ ሁለት ሽንኩርት ወፍራም ወፍራም አድርጌ ከትፌ በተንኩ። ታፋውን አጋደምኩበት። 2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ቀባሁት። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጎን አፈሰስኩና ከደንኩት።

አሁን እሳቱ። ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከታች አንድ እጅ ከሆነ ከላይ ሁለት እጅ ይሁን። የታች እሳት ድስቱን በቀጥታ ያገኘዋል፤ ሙቀትም ሽቅብ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ጥቂቱ ይበቃል። ከላይ ያለው ግን አብዛኛው ወደ ሰማይ ይባክናል፤ ስለዚህ በዛ ማለት አለበት። ከታች አራት አምስት ፍም ክብ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ መሀሉን ባዶ እተወዋለሁ፣ አለዚያ ሽንኩርቱ መሀል ላይ ያርራል። የላዩ ፍም የክዳኑን ፊት ይሸፍናል። በላዩ አመድ ነስነስ አደርግበታለሁ። አመድ ፍሙን ቶሎ እንዳያልቅ ይይዘዋል። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት መክፈት የለም። የልጅ ልጄ «እማማ፣ አንዴ ብቻ ልይ» ትላለች። አልፈቅድላትም። በከፈትነው ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፤ ሥጋውም ይዘገያል።

ሽታው መቀየሩ ግን ሳይከፍቱም ይታወቃል። መጀመሪያ የጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሽታ ነው። ቀጥሎ የጥብስ ቅጠሉ ይመጣል። አንድ ሰዓት ሲያልፍ ቅቤውና ኮረሪማው አንድ ላይ ይነሣሉ፤ ግቢው በሙሉ ይሰማዋል። ያኔ ድንቹን የማዘጋጅበት ሰዓት ነው።

ድንቹን መጀመሪያ ቀቅሉት። ባሕር ዳር ሳለሁ 10 ደቂቃ ይበቃው ነበር። እዚህ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቦታው ከፍ ሲል ውሃ በአነሰ ሙቀት ይፈላል፤ እኛ ዘንድ ወደ 92 ዲግሪ ነው። ስለዚህ እየፈላ ያለ ውሃም ቢሆን ቀስ ብሎ ነው የሚያበስለው። ቆላ ወርዶ ያበሰለ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ድንቹ ዳር ዳሩ ለስለስ ሲል ውሃውን አጥልዬ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ድስቱን ከድኜ አምስት ስድስት ጊዜ አንቀጠቅጠዋለሁ። የድንቹ ፊት ይሻክራል። የሚያምረው በዚያ ነው፤ ቅቤው ሻካራው ውስጥ ገብቶ ቅርፊት ያወጣል። ከካሮቱ ጋር በሥጋው ዙሪያ እደረድረዋለሁ። እንደገና እከድናለሁ። የላዩን ፍም እጨምራለሁ፤ ክዳኑንም በቀጭን እንጨት ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። እንፋሎቱ ካልወጣ ድንቹ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

2 ኪሎ ታፋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው የሚፈጀው። ቢላ እስከ አጥንቱ ሰድዳችሁ የሚወጣው ውሃ ከጠራ በስሏል። ቀይ ከሆነ አልደረሰም። አውጥታችሁ 20 ደቂቃ ከድናችሁ አሳርፉት። ወዲያው ከቆረጣችሁት መረቁ ሁሉ ትሪው ላይ ይፈስሳል። በዚያ 20 ደቂቃ ውስጥ ድስቱ ሥር ከቀረው ቅቤውን ቀነስ አድርጉ፤ ኮባውን አውጥታችሁ አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት አቁሉበት፤ ድንቹ የተቀቀለበትን ውሃ አንድ ብርጭቆ ጨምሩና አምስት ደቂቃ አንተክትኩት። ፈረንጆቹ ይህን ሥጋውና ድንቹ ላይ ያፈሱታል። እኛ በእንጀራ ነው የበላነው። ወንድሜ «ይኼ መረቅ ብቻውን ወጥ ይወጣዋል» አለ። ጸሐይ ስትወጣ ጠግበን ቡና እየጠጣን ነበር። ማንም አልደከመም።

በዶሮም ይሆናል። የፈረንጅ ዶሮ አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃታል። የሐበሻ ዶሮ ግን ሜዳ ስትሮጥ ያደገች ናት፤ እግሯ ጠንካራ ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ አድርጋችሁ መጀመሪያ በለሰለሰ እሳት አንድ ሰዓት ተኩል አቆዩአት፤ ከዚያ የላዩን ፍም ጨምራችሁ አቅሉአት። ቆዳዋ አይገፈፍ። በፈላ ውሃ ነክራችሁ ላባዋን ንጩ፣ ቀሪውን ጠጉር በነበልባል ለብልቡ፣ ከዚያ በሎሚና በጨው ደጋግማችሁ እጠቡ። ይህን በስልክ ስነግራት እታለም የምትባል የማውቃት ሴት ቢቸና ሆና ጮኸችብኝ። «ከነቆዳዋ? ዶሮ ከነቆዳዋ ለበዓል ይቀርባል?» አለች። ለወጥ ሲሆን እውነቷን ነው። እሳት ላይ ግን ቆዳው ነው ደረቱ እንዳይደርቅ የሚሸፍነው። ስቡም ያለው እዚያው ነው።

እታለም ሌላም ነገር ብላኛለች። «ያለ ዶሮ ወጥ ምን ገና አለ?» አለችኝ። ይህን ንቄ አላልፈውም። ዶሮ ወጥን የማቃልል እንዳይመስልባችሁ። ፈረሰኛውን ለባለቤቴ እያወጣሁ፣ መላላጫውን ለእንግዳ እያስቀመጥኩ ነው የኖርኩት። ልጆቼ ተሰብስበው የሚመጡበት ገና ሲደርስ ሦስቱን ኪሎ ሽንኩርት ራሴ እከትፈዋለሁ። ነገር ግን ዶሮ ወጥ አያጥርም። ቁሌቱ ቶሎ ይድረስ ተብሎ ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ የገባበት ወጥ ምንም ያህል ቅቤ ቢፈስበትም ጥሬ ጥሬ ይላል። በርበሬውም ጉሮሮ ይይዛል። አሳጥሮ ማበላሸት ነውር ነው እላለሁ። ጊዜና ሰው በሌለበት ቤት ዶሮ ወጥን ከማጎሳቆል፣ ሲፈጠርም ቀላል የሆነ ምግብ አሳምሮ መሥራት ለበዓሉም ለዶሮ ወጡም ክብር ነው።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ግን የአምናው ገና ነው። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ወጣት አስተማሪ ተከራይታ ትኖራለች። ባለቤቷ ሌላ ወረዳ ነው የሚሠራው፤ ለበዓሉ አልደረሰም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ በሯ ዝግ ነው። በየቤቱ ቡና ይቆላል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ የእሷ ቤት ጭስ የለም። አንኳኳሁ። ጋቢ ለብሳ ከፈተችልኝ። ምድጃው ባዶ ነው። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዳቦ ከገበያ የመጣበት ፌስታል ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። «ምነው ልጄ፣ አሞሻል?» አልኳት። «ደህና ነኝ እማማ። ለአንድ ሰው ምን ዶሮ ይሠራል ብዬ ነው» አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አርባ ምናምን ቀን ጾማ፣ ሌሊቱን ስታስቀድስ አድራ፣ በባዶ ምድጃ ገናን ልትውል ነበር። እጇን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋት። አብረን በላን። በነጋታው ድስቱን አሳየኋት።

ዘንድሮ ራሷ ሠራች። ትንሽ ብረት ድስት ገዛች። ግማሽ ዶሮ፣ ሦስት ድንች፣ አንድ ካሮት። ግማሹን ዶሮ ከሌላዋ ተከራይ ጋር ተካፍላ ነው የገዛችው። ክዳኑ ላይ ሰባት ፍም በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ስትደረድር መስኮት ላይ ቆሜ አየኋት። ቄጤማ ጎዝጉዛለች። ቀሚሷን ለብሳለች። ሲደርስ በሳህን ከድና አንዱን ድንች አምጥታ አቀመሰችኝ። ነካሁት፤ ኮሽ አለ።

አንድ ነገር አደራ። ሌላውን ብትቆርጡት እንኳ ይህችን አውጡልኝ። ከሰል ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም አይታመንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም መልክም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ቤት ዘግተው ያነደዱት ከሰል ሰው ይገድላል፤ የተኛ ሰው ሳያውቀው ያልፋል። የገና ሌሊት ብርድ ነው፤ ሰው በርና መስኮት መዝጋት ይወዳል። ከሰሉ ደጅ ይንደድ። ደጅ ከሌለ በረንዳ ላይ። በምንም ምክንያት ምድጃውን ለሙቀት ብላችሁ መኝታ ቤት አታስገቡ።

የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። በበዓል ገጻችሁ ላይ የ12 ሰዉ ዶሮ ወጥ ይቀጥል፤ እሱን የሚፈልግ ብዙ ቤት አለ። ከጎኑ ግን ለሁለትና ለሦስት ሰው የሚሆን አንድ ምግብ ጨምሩበት። መጠኑ ለትንሽ ድስት ይሁን። መብራት ቢሄድ በምን እንደሚያልቅም ጻፉበት። የእኔን አሠራር የሚያሻሽል ሰው ካለ ደስ ይለኛል፤ በተለይ የፍየል ሥጋ በዚህ መንገድ እንዴት እንደሚለሰልስ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልን፤ ሁለቴ ሞክሬ ጠንክሮብኛል።

ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ነው። አስተማሪዋ ባለቤቷ ይመጣል ብላ ትጠብቃለች። «ለሁለት ሰው ምን እንሥራ እማማ?» ብላ ካሁኑ ጠይቃኛለች።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ ከደብረ ማርቆስ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.